አባቴን ስትሆን

ውድ ምንይችል፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ቆርጠም ከሚያደርጋት በቀር ደህና ናት፤ ፈረሳችን ዳማውም ደህና ነው፣ ገብሱን ይበላል። ስለ እኔ ደህንነት ግን ይህን ደብዳቤ ስትጨርስ ራስህ ትፈርዳለህ።

ለላክህልኝ የድምፅ መልእክት እስካሁን መልስ ያልሰጠሁህ ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ሰምቼዋለሁ። «ስንታየሁ፣ ባሕር ዳር ትልቅ መድረክ ላይ ባለጋሪውን እንድጫወተው ጠርተውኛል። አባትሽ ነውና አንቺ እሺ ካላልሽኝ አልወጣም» ትላለህ። መጠየቅህን አልጠላሁም። እማዬማ ገና ከአፍህ ሳይወጣ ፈቅዳለች፤ ለዚያ ቀን የምትለብሰውን ቀሚስ አጥባ፣ አስተኩሳ፣ ምስማር ላይ ሰቅላዋለች። የቀረሁት እኔ ነኝ። ደውዬ እሺ ወይም እምቢ ብልህ ይቀለኝ ነበር። ግን አንተን በስልክ ማናገር ከተውኩ ቆየሁ፤ ወሬው መሀል የማን ድምፅ እንደሚወጣብኝ ስለማላውቅ እፈራለሁ። ወረቀት ላይ ድምፅ የለህምና እዚህ ተናጋሪዋ እኔ ብቻ ነኝ።

ሳላድበሰብስ ልንገርህ። እቀናብሃለሁ። በቲክቶክ ተከታዮችህ አይደለም፣ ባሕር ዳር ስለተጠራህም አይደለም፣ ያማረ ጃኬትህም ላንተው ይሁንልህ። የምቀናው በአባቴ ነው። ሰው በራሱ አባት ይቀናል እንዴ ትል ይሆናል። እኔም ድሮ ቢነግሩኝ እስቅ ነበር።

የጀመረው በአባቴ ለቅሶ ቀን ነው። ዳንግላ ያሉ ባለጋሪዎች ሁሉ ጋሪያቸውን ፈትተው ፈረሶቻቸውን ብቻ ይዘው መጥተው ነበር። አባቴ አስማረ ዕድሜውን በጋሪ ላይ ይጨርስ እንጂ የጥርባ ልጅ፣ የፈረስ ሰው ነው፤ ስለዚህ እንደ አገሩ ወግ ፈረሱ ተሸልሞ በለቅሶተኛው መሀል መዞር ነበረበት። የሥራ ባልደረባው እንግዳው ልጓሙን ይዞ ዳማውን አመጣው። ፈረሱ ድንኳኑ አጠገብ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሳቡት፣ ገፉት፣ ለመኑት፤ ንቅንቅ አላለም። ትልልቆቹ ሴቶች መንሾካሾክ ጀመሩ፤ ፈረስ የማይዞርለት ሟች ምን ቅር ብሎት ይሆን እየተባለ። ይሄን ጊዜ እኔ ሄጄ አንገቱን አቀፍኩትና «ና ዳማዬ፣ ና በሞቴ» አልኩት። ጆሮውን እንኳ አላዞረልኝም። የጌታውን ልጅ ድምፅ የማያውቅ ፈረስ! እዚያው መሬቱ ቢውጠኝ በወደድኩ።

ከዚያ ከባለጋሪዎቹ መሀል አባቴ ተናገረ።

በአገውኛ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከግቢያችን ሲወጣ ለፈረሱ የሚላት ያቺ አጭር ነገር፣ መጨረሻዋን በአፍንጫው ሳብ የሚያደርጋት። ዳማው ጆሮውን ቀስሮ መራመድ ጀመረ። እማዬ «አስማረ! አስማረ መጣ!» ብላ ጮኸች። ሰውን ሁሉ እየገፋች ሄዳ ባንተ አንገት ላይ ተጠመጠመች። አንተም ታለቅስ ነበር፣ አይቻለሁ። ግን ምንይችል፣ እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ክንዴን ዘርግቼ ነበር። እኔን አልፋ ነው ወደ አንተ የሄደችው።

ሰው ሁሉ ውለታህን ሲያወራ ሰነበተ። «ያ ልጅ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር» ይሉኛል። እኔም «አዎ፣ እግዜር ይስጠው» እላለሁ። ውስጤን ግን አንድ ነገር ይበላኝ ነበር፦ ያቺን የአገውኛ ቃል እንዴት አንተ አወቅካት? ቤታችሁ አገውኛ የሚባል ነገር ተነግሮ አያውቅም። እኔ የወለዳት ልጁ ግን እሰማዋለሁ እንጂ ምላሴ አይታዘዝልኝም። አባቴ ለፈረሱ በአገውኛ፣ ከጥርባ ለሚመጡ ዘመዶቹ በአገውኛ፣ ለእኔ በአማርኛ ነበር የሚናገረው። «አንቺ ትምህርትሽን ያዥ» ይለኛል። እኔ ትምህርቴን ስይዝ አንተ በየማለዳው መናኸሪያ ትኬት ልትቆርጥ ስትሄድ ከጎኑ እየተቀመጥክ እሱን ያዝከው።

ድሮም ሰው ማስመሰል ትወድ ነበር። የሚኒባስ ረዳቱን፣ የድንች ነጋዴዋን፣ የሠፈራችንን ሰው ሁሉ አካሄድ ታውቃለህ። አባቴን የቀዳህበትን የመጀመሪያ ቀን አልረሳውም። ግቢያችን ውስጥ ባርኔጣውን ደፍተህ፣ ጅራፉን ብብትህ ሥር ወትፈህ፣ ወገብህን ይዘህ ስትነሳ ይቆጣል ብዬ ተሸማቅቄ ነበር። እሱ ግን እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «አይ አንተ! ድገመው እስቲ!» አለህ። ያንን ሳቅ ከእኔ ጋር ስቆት አያውቅም። ከእኔ ጋር የሚያውቀው መተረብ ነው። ተማሪ ሳለሁ ግቢ ውስጥ ጮክ ብዬ ሳነብ «እቴጌ እንግሊዝ ጀመረች» ይላል። በምረቃዬ ቀን ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ ሲለኝ እሱ ጋወኔን ከላይ እስከ ታች አየና «በይ እንግዲህ ፈረሱንም አስተምሪልኝ» አለ። የተሰበሰበው ሁሉ ሳቀ። እኔ ጓዳ ገብቼ ጋወኔን አወለቅኩት። መምህርነቴን እንደ ቀልድ ነው የሚያየው ብዬ ደመደምኩ፣ እሱ እስኪሞትም ያንኑ ይዤ ቆየሁ።

ከለቅሶው በኋላ ደግሞ ቪዲዮህ መጣ። «ባለጋሪው» ብለህ ለቀቅከው፤ አገር ምድሩ አየው። እማዬ ባለ ስልክ ሆነች። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳ ሥር ጎረቤቶቿን ሰብስባ ትከፍትሃለች። «አሁን ጅራፉን ሲያነሳ እዩት! እዩት! ቁርጥ አስማረ!» እያለች ትስቃለች። እኔ ከማስተምርበት ከኢንጅባራ ስመጣ እቅፍ አድርጋኝ ታለቅሳለች። ከእኔ ጋር ለቅሶ፣ ካንተ ጋር ሳቅ። ኔትወርክ የጠፋ ዕለት ደግሞ ለአባቴ እንደ አዲስ ታዝናለች፣ እኔ ደግሞ ይቅር ይበለኝና ደስ ይለኛል።

እንግዳው ምን እንደሚያደርግ ነግረውሃል? ዳማውን አሁን የሚሠራበት እሱ ነው። ፈረሱ እምቢ ሲለው ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ያንተን ቪዲዮ ጆሮው ላይ ይከፍትለታል። ተሳፋሪው ቪዲዮው እስኪከፈት ጋሪው ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። በባጃጅ የሚያልፉት ልጆች ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። አንድ ቀን እኔም ተሳፍሬ ነበር። ፈረሱ ድምፅህን ሰምቶ ሲነሳ እኔ ወርጄ በእግሬ ሄድኩ።

አሁን ስለ ትምህርት ቤቱ ልንገርህ፤ ከዚህ በፊት ለማንም አላወራሁትም። የዕለቱ ትምህርት ሰውን ስለማስመሰል የሚናገሩ የእንግሊዝኛ ግሦች ነበር። እንግሊዞቹ በዚህ ነገር ንፉግ አይደሉም። ኢሚቴት አላቸው፣ ሕፃን ከእናቱ እያየ እንደሚማረው ዓይነት። ሚሚክ አላቸው፣ ድምፅንና አካሄድን ቁርጥ አድርጎ መቅዳት፣ ብዙውን ጊዜ ለሳቅ። ፓሮት ምን እንደሚል ሳይገባው ለሚደግም ነው፤ ኤፕ እንደ ጦጣ ያየውን ሁሉ ለሚያደርግ። ኢምፐርሶኔት ሌላ ሰው ሆኖ ለሚቀርብ ነው፣ መድረክ ላይም ይሁን ለማታለል። ሞክ ደግሞ ሰውን እያስመሰሉ ማላገጥ፣ ማዋረድ። ሰሌዳው ላይ ደረደርኳቸውና ለእያንዳንዱ ምሳሌ አምጡ አልኩ።

ክፍሉ በአንድ አፍ «ምንይችል! ባለጋሪው!» አለ። ከኋላ ያለ አንድ ልጅ ወዲያው ተነስቶ አንተ የምትጫወተውን አባቴን አስመሰለ። ሰውዬው የእኔ አባት መሆኑን አንዳቸውም አያውቁም። ሳቁ። እኔም ጠመኔዬን አነሳሁና ስምህን በእንግሊዝኛ ፊደል ሞክ ከሚለው ቃል ፊት ለፊት ጻፍኩት። ደስ አለኝ። አንድ ጊዜ እንኳ የሚገባህን ቦታ የሰጠሁህ መሰለኝ።

ፊት ወንበር የምትቀመጥ ፋና የምትባል ዝምተኛ ልጅ አለች። እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ሰውየው ስለናፈቀው ቢያስመስለውስ? ለእሱ ቃል የላቸውም?» አለችኝ። «መጽሐፉ ላይ የለም፣ ተቀመጪ» አልኳት። ደወሉ እስኪደወል ድረስ ፊቷን ማየት አልቻልኩም።

እንግዲህ ዋናው ነገር ይኸው ነው። ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ ዳንግላ መጥተህ እማዬን ጠይቀሃት ነበር አይደል? እኔንም ስትጠብቁኝ ዋላችሁ። ደውላ «የት ደረስሽ?» ስትለኝ መኪና አጣሁ አልኳት። ውሸት ነው። መጥቼ ነበር። ከኢንጅባራ በሚኒባስ፣ ከመናኸሪያ በባጃጅ፣ እስከ በራችን ድረስ መጥቼ ነበር። እጄን ወደ በሩ ስዘረጋ አባቴ ከውስጥ ሲያወራ ሰማሁት።

ቪዲዮ መስሎኝ ነበር። ኋላ ግን የቆርቆሮውን አጥር ተጠግቼ ሳዳምጥ ቪዲዮው ላይ የሌለ ወሬ ነው። አባቴ ጋሪው ላይ ሆኖ ለተሳፋሪዎቹ ያወራል፤ ኢንጅባራን እንደ ልማዱ በድሮ ስሟ ቆሰበር ይላታል።

«እኔ ቆሰበር አንዲት ልጅ አለችኝ፣ መምህር ናት። ትንሽ ነገር ናት እኮ፣ ኸዚህ ጅራፍ አትበልጥም! ሰሌዳው ፊት ስትቆም ግን ምን ትመስላለች መሰላችሁ፣ እንዲህ…»

ከዚያ የራሴን ድምፅ ሰማሁ። በቀዳዳው አጮልቄ አየሁህ። አንገትህን መዘዝ፣ ተረከዝህን ከመሬት ከፍ፣ ግራ እጅህን ወደ ኋላ፤ ክፍል ውስጥ እኔ የምቆመው ልክ እንደዚያ ነው፣ ሳላውቀው። «ሪፒት አፍተር ሚ!» አልክ፣ መጨረሻውን እንደ እኔ፣ እንደ ተቀየመ ሰው ከፍ አድርገህ። ግን አንተ አልነበርክም። እኔን የሆነው አባቴ ነበር፤ አንተ እሱን ብቻ ነበር የሆንከው። ወዲያው ተመልሶ በራሱ ድምፅ ሳቀ።

«ያ ሁሉ ልጅ አንድ ላይ ሲመልስላት መስኮቱ ይርገፈገፋል! እኔም ኸውጭ ቆሜ አብሬ ደገምኩ። ምን እንደሚል አላውቅም፣ ደገምኩ!»

እማዬ እየሳቀች ዓይኗን ጠረገች። «አይ አስማረ! ደሞ መቼ ሄዶ አይቷት ነው?» አለችህ።

ያኔ ወደ ራስህ ተመለስክ። «ኮርቻ ሊያሠራ ቆሰበር የሄደ ጊዜ ነው፣ እትዬ ወርቅነሽ። ኸትምህርት ቤቱ መስኮት ሥር ቆሞ ሲያዳምጥ አረፈደ። ዘበኛው እስኪያባርረው! ጋሪው ላይ ለወጣ ሰው ሁሉ ይቺን ሳይጫወት አያወርድም ነበር። ለስንታየሁ ግን እንዳትነግራት ብሎ አስምሎኛል።»

«ይፈራ ነበር» አለች እማዬ። «ዓይን ያርፍባታል ብሎ። ኸሷ በፊት የነበረችዋ ልጃችን ባረፈች ጊዜ ሰው እያደነቀ ነው የገደለብኝ ብሎ ቆረጠ። ኸዚያ ወዲህ ይቺኛዋን ተርቦ እንጂ አወድሶ አያውቅም።»

ምንይችል፣ እኔ ከአጥሩ ውጭ ነበርኩ። ከእኔ በፊት ልጅ እንደነበረች አውቃለሁ፣ ስሟን ግን ቤታችን ውስጥ አንስተውት አያውቁም። መተረቡ ከእሷ ጋር የተያያዘ መሆኑን ማን ይነግረኝ? እቴጌ እንግሊዝ የተባልኩት፣ ፈረሱን አስተምሪልኝ የተባልኩት፣ ጋወኔን ያወለቅኩት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ። ለተማሪዎቼ ሳይገባው የሚደግም ብዬ የተረጎምኩት ቃል ደግሞ ዞሮ አባቴን አገኘው፣ መስኮቴ ሥር ቆሞ እንግሊዝኛ ሲደግም። አጥሩን ያዝኩ።

ለምን አልገባሽም ትለኝ ይሆናል። በሩን ብከፍት ዝም ትል ነበር። ተነስተህ «ስንታየሁ፣ እንደምን ዋልሽ» ትለኛለህ፣ አባቴም ይሄዳል። አንደኛው ምክንያት ይሄ ነው። ሁለተኛው ግን ቅናት ነው፣ ሌላ ስም አልሰጠውም። አባቴ እንዴት እንደሚወደኝ የዳንግላ ተሳፋሪ በሙሉ ያውቃል። ድንች ጭኖ የሚሄደው ያውቃል፣ ቀጠሮ ለማስተላለፍ ፍርድ ቤት የሚሄደው ያውቃል፣ አንተ በየቀኑ ሰምተኸዋል። ሳልሰማ የቀረሁት እኔ አንዷ ብቻ ነኝ። እኔ የማውቀው አባት እኔ ያለሁበትን ነው፤ አንተ ግን እኔ የሌለሁበትን አባቴን አገኘኸው። የሚያስቀናውም እሱ ነው። ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ ወደ መናኸሪያ ተመለስኩ፤ ሚኒባሱ ውስጥ ረዳቱ «እህቴ፣ ለቅሶ ላይ ነበርሽ?» አለኝ። አዎ አልኩት።

ሰኞ ክፍል ስገባ ያ ሰሌዳ ከተጠረገ ቆይቷል። ፋናን አስነስቼ «ባለፈው የጠየቅሽኝን አልመለስኩልሽም» አልኳት። «ቃሉን አገኙት?» አለችኝ። አላገኘሁትም። ስምህን ግን ከሞክ ፊት አንስቼዋለሁ አልኳት። የት እንዳሳረፍኩህ አልጠየቀችኝም፣ እኔም ብትጠይቀኝ አላውቅም ነበር።

በል እንግዲህ መልሴ ይኸውልህ። ውጣ። ባሕር ዳር መድረክ ላይ ወጥተህ ተጫወተው። ባርኔጣውን እማዬ ቦርሻ አስቀምጣልሃለች፤ ጅራፉም የአባቴ የራሱ ነውና ስታጮኸው ተጠንቀቅ። ሰዉን አስቀው። ያቺን የአገውኛዋንም በላት፣ አዳራሹ ውስጥ ያለ የአገው ልጅ ሁሉ ተነስቶ ይጩህ። እማዬ ፊት ወንበር ላይ ሆና «ቁርጥ አስማረ!» ስትል ይሰማሃል። እኔም እመጣለሁ፣ ከኋላ እቀመጣለሁ፣ አጨበጭባለሁም። ቀንቼም ቢሆን አጨበጭባለሁ።

አንዲት ነገር ግን መድረክ ላይ አታወጣም። እሱ እኔን የሚሆንባትን። ለቲክቶክም፣ ለባሕር ዳርም፣ ለማንም። አንተ ያን ሁሉ ማለዳ ከጎኑ ተቀምጠሃል፣ ሙሉ አባቴን ወስደሃል፣ ከዚያ ሁሉ ይቺን አንዷን ለእኔ ተውልኝ። ስግብግብ ነሽ በለኝ ከፈለግክ። ነኝ።

ከባሕር ዳር ስትመለስ ዳንግላ ላይ ውረድ። እንግዳውን ነግሬዋለሁ፣ ዳማውን ለአንድ ጠዋት ይለቅልናል። አንተ ፊት ትቀመጣለህ፣ ፈረሱን በአገውኛ ታስነሳዋለህ። እኔ ከመናኸሪያው በር እንደ ማንኛዋም ተሳፋሪ እሳፈራለሁ፣ ነጠላዬን ተከናንቤ። አታውቀኝም። ስሜን አትጥራ። ትንሽ እንደሄድን ዞር በልና ቆሰበር ስላለችው ልጅህ አጫውተኝ። እኔም እንደ ሰው ሁሉ «የታደሉ አባት ነዎት» እልሃለሁ።

ስትጨርስ ግን ቶሎ ወደ ራስህ ድምፅ አትመለስ። መጀመሪያ እኔ ከጋሪው ልውረድ።

አሁንም የምትቀናብህ፣
ስንታየሁ አስማረ
ኢንጅባራ